ባንክ ያስያዙትን ቤት ለሐራጅ ሲያወጣ፦ ተበዳሪው ለፍርድ ቤት ምን ማቅረብ ይችላል?

ባንክ በመያዣ የያዘው ቤት ለሐራጅ መውጣቱን የሰማ ተበዳሪ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቴ እንዴት ይሸጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3060 ዕዳው በጊዜው ባይከፈል ባለመያዣው፣ ማለትም አበዳሪው፣ በሕግ የተደነገገውን ሥርዓት ሳይከተል የማይንቀሳቀሰውን ንብረት እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ገንዘብ የቸገረው ሰው ብድር ሲወስድ የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ስለሚፈርም፣ በችግር ሰዓት የተሰጠ ፈቃድ ቤት እንዳያሳጣው በአበዳሪውና በንብረቱ መካከል ዳኛ እንዲቆም ነው። በዚህ ሥርዓት አበዳሪው ክስ መመሥረት፣ ፍርድ ማግኘት፣ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈትና ንብረቱን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሸጥ ነበረበት።

ይህ ሥርዓት ለባንኮች የተለወጠው በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት በወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። አዋጁ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2851 እና 3060 ክልከላ ለባንኮች ሲባል ወደ ጎን በመተው፣ ዕዳው በውሉ በተወሰነው ጊዜ ካልተከፈለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥና ባለቤትነቱን ለገዢው እንዲያስተላልፍ፣ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልቀረበ ለመጀመሪያው ሐራጅ በተወሰነው የመነሻ ዋጋ ንብረቱን ራሱ እንዲረከብ የሚፈቅድ ስምምነት የጸና ይሆናል ይላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቃል «ስምምነት» የሚለው ነው። ባንኩ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከአዋጁ ብቻ ሳይሆን ተበዳሪው ወይም አስያዡ ከፈረመው የመያዣ ውልም ጭምር ነው። ስለዚህ ማንኛውም የፍርድ ቤት ክርክር የሚጀምረው ውሉን አውጥቶ፣ ይህን ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ ፈልጎ፣ ቃል በቃል በማንበብ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን የሚያደርገው ሐራጁ ከተካሄደ በኋላ ነው።

በሐራጅ የሚሸጠው ምንድን ነው የሚለውም መጥራት አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰዎች «መሬቴን አስያዝሁ» ሲሉ በሕግ ዓይን ያስያዙት በመሬቱ ላይ ያለውን ቤትና የይዞታ ወይም የሊዝ መብታቸውን ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ ባለይዞታ መብቱን በዋስትና ማስያዝ የሚችለው በከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን እንደሆነ ይደነግጋል። በገጠር ደግሞ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያውል በር ከፍቷል። በሁለቱም መንገድ ገዢው የሚያገኘው አስያዡ ከነበረው መብት የበለጠ አይደለም። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለም ገዢው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባ ጉዳይ ነው።

አሁን ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ጠጋ ብለን እንየው። ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዥ የተሠራ ነው። በአንደኛው ዓምድ የተበዳሪው ስም፣ በሚቀጥለው የንብረት አስያዡ ስም ይቀመጣል። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። ቀጥሎ ቤቱ የሚገኝበት ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተሩ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ ለስንተኛ ጊዜ የወጣ እንደሆነም ይጠቀሳል። ከሠንጠረዡ በታች በደቃቅ ፊደል ተጫራቾች የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በባንክ በተረጋገጠ ሲፒኦ (የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ እንዳለባቸው፣ አሸናፊው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ አጠቃልሎ ካልከፈለ ያስያዘው እንደማይመለስለት፣ ሐራጁ ተበዳሪውና አስያዡ ቢገኙም ባይገኙም እንደሚካሄድ፣ ባንኩም ሐራጁን በሙሉ ወይም በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ እንደሆነ የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ይሰፍራሉ። ይህ አንድ ገጽ የማይሞላ ወረቀት በኋላ ለሚነሣው ክርክር ዋና ማስረጃ ነው። የካርታ ቁጥሩ ቢሳሳት፣ ስፋቱ ቢጎድል፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት «የመኖሪያ ቤት» ተብሎ ብቻ ቢታለፍ፣ ንብረቱን በትክክለኛ ዋጋው ሊፈልጉ የሚችሉ ገዢዎች ሳይቀርቡ ይቀራሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው የወጣበትን ጋዜጣ ዋናውን ገዝቶ ማስቀመጥ ከብዙ የቃል ምስክር ይሻላል።

የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ከማስታወቂያው የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱም ተምታተው ይታያሉ። ማስጠንቀቂያው ለባለዕዳው በግል የሚደርስ፣ ይህን ያህል ዕዳ አለብህ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልከፈልህ ንብረቱ ይሸጣል የሚል ጽሑፍ ነው። ማስታወቂያው ግን የሚናገረው ለሕዝብ፣ ማለትም ለገዢዎች ነው። ባንኩ ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ማውጣቱ ብቻውን ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል አያሰኝም ብሎ መከራከር የሚቻለው በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ክርክር ብዙ ተበዳሪ የሚሸነፍበት አንድ ቀላል ምክንያት አለ። አብዛኞቹ የብድር ውሎች ተበዳሪው አድራሻ ሲለውጥ ለባንኩ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ካላሳወቀም በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ የተላከ ማስጠንቀቂያ እንደደረሰው እንደሚቆጠር ይናገራሉ። ከአምስት ዓመት በፊት የተከራየበትን ቤት አድራሻ ሰጥቶ የተበደረ ሰው «ደብዳቤው አልደረሰኝም» ቢል ዳኛው የሚያየው የባንኩን የደብዳቤ መላኪያ መዝገብ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝና ይህን የውል አንቀጽ ነው። በአንጻሩ ማስጠንቀቂያው የደረሰው የካቲት 5 ቀን ሆኖ ሐራጁ የካቲት 27 ቀን ተካሂዶ ከተገኘ ቀኖቹን መቁጠር ብቻ በቂ ነው፤ 22 ቀን 30 ቀን አይሞላም፣ ባንኩም ጉድለቱን በሌላ ነገር ሊሸፍነው አይችልም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለፍርድ ቤት ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ውስጥ ብዙዎቹ በሕግ ፊት ክብደት የሌላቸው ናቸው። ሥራው ተበላሸ፣ የዶላር ዋጋ ጨመረ፣ ዕቃ በጉምሩክ ቆየ፣ ትንሽ ጊዜ ቢሰጠኝ እከፍል ነበር የሚሉት ምክንያቶች ከልብ የሚነገሩና የሚያሳዝኑ ቢሆኑም፣ ሽያጩን ለማስቆም ብቻቸውን በቂ አይደሉም። እነዚህ ጉዳዮች የሚቀርቡት ለባንኩ ነው፤ ባንኩም ብድሩን እንደገና ለማሸጋሸግ የሚወስነው በራሱ ሚዛን ነው። ባንኮች ከመሸጥ ይልቅ ማሸጋሸግን የሚመርጡበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ከሐራጁ በፊት ያሉት ሳምንታት ለጠበቃ ብቻ ሳይሆን ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደጅም መዋል አለባቸው። ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት ዕዳውን ከነወለዱና ከነወጪው አጠቃልሎ የከፈለ ሰው ሽያጩን ያስቀራል፤ ከሁሉ የሚያስተማምነው ማቆሚያ እርሱ ነው።

ክብደት ያላቸው ክርክሮች በአራት መስመር ይመጣሉ። የመጀመሪያው የመያዣው ውል ራሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3045 መሠረት የመያዣ ውል በጽሑፍ መሆንና የሚያስከብረውን የገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ገንዘብ ለይቶ መጥቀስ አለበት። በቁጥር 3052 መሠረት ደግሞ መያዣው ውጤት የሚኖረው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ በቁጥር 3058 መሠረት ምዝገባው ለ10 ዓመት ብቻ ይጸናል። የረጅም ጊዜ የቤት ብድር የወሰደ ሰው ምዝገባው ታድሶ እንደሆነ ቢያጣራ አይከስርም። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አልተመዘገበም የሚለው ክርክር ግን ድሮ ኃይል የነበረው ቢሆንም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 639/2001 ለባንክና ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ወይም እንዲመዘገብ አያስገድድም ስላለ፣ ዛሬ ሩቅ አያስኬድም። ሁለቱን ምዝገባዎች መለየት ያስፈልጋል፤ የቀረው የውሉ በአዋዋይ ፊት መመዝገብ እንጂ መያዣው በንብረቱ መዝገብ ላይ መስፈሩ አይደለም።

ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ችሎት የሚያጨናንቀውም ይኸው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አስፈላጊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባልየው ብቻ ፈርሞ ያስያዘውን ቤት ሚስቲቱ ሐራጁ ሲወጣ ሰምታ መያዣው ይፍረስልኝ ልትል ትችላለች። ነገር ግን አንቀጽ 69 አጭር የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ክሱ መቅረብ ያለበት ፈቃዱን ያልሰጠው ተጋቢ ስለ ውሉ ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ብድሩ በአራተኛ ዓመቱ ሲበላሽ፣ ማስታወቂያው ሲወጣ፣ ሚስቲቱ ያን ጊዜ ብታውቅ እንኳ ሁለቱ ዓመት አልፏል። ባንኮች ይህን ስለሚያውቁ ዛሬ ያላገባ የምስክር ወረቀት ወይም የትዳር ጓደኛ ፊርማ ሳይዙ ማበደር ትተዋል፤ ችግሩ የሚነሣው ያላገባሁ ብሎ ወረቀት ያመጣው ሰው ያገባ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው በቅን ልቦና የተዋዋለውን ባንክና ሳታውቅ ቤቷን ያጣችውን ሚስት ነው። ለዚህ ምዘና ቀላል መልስ ያለው ዳኛ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የሌላ ሰው መብት ነው። ቤቱን ባልተመዘገበ የሽያጭ ውል ገዝቼ እኖርበታለሁ የሚል፣ ወራሽ ነኝ የሚል፣ ግማሹ የእኔ ነው የሚል ሰው በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መሠረት እንደሚደረገው መብቱን ለማስከበር ይቀርባል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1185 መሠረት በመዝገብ ሲመዘገብ ስለሆነ፣ ያልተመዘገበ ገዢ በተመዘገበው ባለመያዣ ላይ ያለው ዕድል ጠባብ ነው።

አራተኛው ሒሳቡ ነው። ባንኩ የጠየቀው ገንዘብ በውሉ ከተወሰነው ወለድ በላይ ታስቦበት፣ የተከፈለ ክፍያ ሳይቀነስለት ወይም የሌላ ብድር ዕዳ ተጨምሮበት ከሆነ ተበዳሪው የሒሳብ መግለጫ እንዲቀርብ፣ በባለሙያም እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል። ይህ ክርክር ግን ዕዳው የለም ካላሰኘ በቀር ሽያጩን ብቻውን አያስቆምም። 500,000 ብር ተጋንኖ ቢገኝም ቀሪው 3,000,000 ብር ጊዜው ያለፈበት ዕዳ ከሆነ ባንኩ የመሸጥ ምክንያት አለው፤ ትርፉ የተጋነነውን ማስመለስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ ፍርድ ቤቱ ሐራጁን በዕግድ ሊያስቆመው ይችላል ወይ የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 154 ጀምሮ ክርክር የተነሣበት ንብረት እንዳይባክን፣ እንዳይበላሽ ወይም ለሌላ እንዳይተላለፍ ጊዜያዊ ዕግድ የሚሰጥበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ዕግድ ጠያቂው በቃለ መሐላ የተደገፈ አቤቱታ ማቅረብ፣ ክሱ መሠረት ያለው መሆኑን ማሳየትና ዕግዱ ባይሰጥ የሚደርስበት ጉዳት በኋላ በገንዘብ ሊካስ የማይችል መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም አዋጅ ቁጥር 97/1990 ራሱ ጉዳቱ በገንዘብ የሚካስ መሆኑን የሚጠቁም ድንጋጌ አለው። አዋጁ በአንድ በኩል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 394 እስከ 449 ያሉት የአፈጻጸም ድንጋጌዎች እንደ አግባቡ በባንኩ ሽያጭ ላይ ተፈጻሚ እንዲሆኑ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል ባንኩ እነዚህን ድንጋጌዎች በመጣስ በባለዕዳው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል ይላል።

የሕግ ሰዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ሕግ አውጪው መፍትሔውን ካሳ ብሎ ስለወሰነ ፍርድ ቤት ሽያጩን ማገድም ሆነ ማፍረስ የለበትም፣ አለዚያ ባንኮች ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጡ የተፈቀደበት ዓላማ ይከሽፋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ከቁጥር 394 እስከ 449 ባለው ክፍል ውስጥ በማስታወቂያው ወይም በሐራጁ አካሄድ ላይ ከባድ ጉድለት ወይም ማታለል ሲኖር ሽያጩ እንዲሰረዝ ማመልከት የሚፈቅደው ቁጥር 445 ስለሚገኝ፣ ክፍሉን በሙሉ ተፈጻሚ አድርጎ ይህን ብቻ ነጥሎ መተው አይቻልም፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ሰጥቶታል ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ንባብ ለሕጉ ቃል ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ለተበዳሪ ምክር የሚሰጥ ሰው የመጀመሪያውን ንባብ የሚከተል ችሎት እንደሚገጥመው ገምቶ መዘጋጀት ይኖርበታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ክስ ከማርቀቅ በፊት የሰበር ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች ማገላበጥ የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በዚህ ምክንያት አቤቱታው በአማራጭ ቢዘጋጅ ይመከራል፤ ሐራጁ ገና ከሆነ ዕግድ፣ ከተካሄደ ስረዛ፣ ይህ ባይፈቀድ ካሳ። ካሳው እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እንየው። ዕዳው 4,200,000 ብር ነው እንበል። ባንኩ ለቤቱ 5,500,000 ብር የመነሻ ዋጋ አውጥቶ፣ በ22 ቀን ማስጠንቀቂያና የቦታው ስፋት በተሳሳተበት ማስታወቂያ በ5,600,000 ብር ሸጠው። ባንኩ ዕዳውንና የሐራጁን ወጪ ቀንሶ የተረፈውን፣ ወጪውን ለጊዜው ብንተወው 1,400,000 ብር፣ ለባለንብረቱ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ይህ ካሳ ሳይሆን የራሱ ገንዘብ ነው። ካሳው ከዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ተበዳሪው ሐራጁ በሥርዓቱ ቢካሄድ ኖሮ ቤቱ 8,000,000 ብር ያወጣ ነበር ብሎ ካስረዳ የጉዳቱ መጠን የሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት፣ 2,400,000 ብር ይሆናል። ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። «ቤቴ ስምንት ሚሊዮን ያወጣል» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያው ወረዳ በዚያው ጊዜ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች የሽያጭ ውሎች፣ ከባንኩ ጋር ዝምድና የሌለው መሐንዲስ ግምት፣ ሊገዛ ፈልጎ በማስታወቂያው ስሕተት የቀረ ሰው ምስክርነት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ጥሰቱና የዋጋው ማነስ መገናኘት አለባቸው። ስፋቱ የተሳሳተ ማስታወቂያ ዋጋ ዝቅ ያደርጋል ማለት ያሳምናል፤ የስምንት ቀን ማስጠንቀቂያ መጉደል ዋጋውን ዝቅ አደረገው ማለት ግን ይከብዳል፤ እዚያ ላይ ጉዳቱ ዋጋው ሳይሆን ተበዳሪው በእነዚያ ቀናት ገንዘብ አምጥቶ ቤቱን ሊያድን ይችል የነበረ መሆኑ ነውና፣ የተፈቀደለት ብድር ወይም የተዋዋለው ሽያጭ ካለ ያን ማቅረብ አለበት።

በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ጠፍቶ ባንኩ ራሱ ንብረቱን ሲረከብ ደግሞ የሚመረመረው የመጀመሪያው ሐራጅ የመነሻ ዋጋ ነው፤ ባንኩ የሚወስደው በዚያ ዋጋ ስለሆነ። እዚህ ላይ ግምት ያወጣው፣ ሻጩና የመጨረሻው ተረካቢ አንድ አካል መሆናቸው ተበዳሪውን ያሳስበዋል፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። የግምቱ ሰነድ እንዲቀርብ፣ መሐንዲሱ ቤቱን ገብቶ ማየት አለማየቱ፣ ግምቱ ከስንት ጊዜ በፊት የተሠራ እንደሆነ ችሎቱ እንዲያጣራ መጠየቅ ይገባል። ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት ጊዜ የሁለት ዓመት ግምት ይዞ መሸጥ ብቻውን የሚያከራክር ነው።

ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ አይሰረዝም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ቤቱ 3,400,000 ብር ብቻ ቢያወጣ ባንኩ ቀሪውን 800,000 ብር ከተበዳሪው በክስ ሊጠይቅ ይችላል። ለሌላ ሰው ብድር ቤቱን ብቻ ያስያዘ፣ በግሉ ዋስ የሚያደርገውን የዋስትና ውል ግን ያልፈረመ ሰው ኃላፊነቱ ቤቱ ላይ ያበቃል፤ ብዙ አስያዦች ሁለቱን ወረቀት በአንድ ቀን ስለሚፈርሙ ግን የትኛውን እንደፈረሙ ፋይላቸውን ማየት አለባቸው። የካሳ ክስ የሚያቀርብም ሰው ሽያጩ በተፈጸመ ማግስት ሰዓቱ መቁጠር እንደጀመረ አስቦ ቢንቀሳቀስ ይጠቅመዋል፤ ከውል ውጭ በሚመጣ ኃላፊነት ላይ የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይርጋ የሚታገድ በመሆኑ፣ ጥያቄው ከውል የመነጨ ነው ወይስ ከውል ውጭ የሚል ክርክር ከባንኩ ቢነሣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የቀረበ ክስ ከዚህ መቃወሚያ ይድናል።